ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስታትሙ ወዙ እንዳይለያይ፦ ከፋይሉ እስከ ፍሬሙ

ፊት ለፊት ስታዩት ፎቶው ምንም አይወጣለትም። ዘንበል አድርጋችሁ ወደ መስኮት ስታዞሩት ግን ጉዱ ይወጣል። ጥቁሩ ያብለጨልጫል፣ ነጩ ደግሞ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ይመስላል። የእናታችሁን የድሮ ፎቶ ስካን አድርጋችሁ ካተማችሁ በጣም የሚታየው ነጠላዋ ላይ ነው። ፊቷ አንድ ወዝ፣ ነጠላው ሌላ ወዝ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፕሪንተሩን ይወቅሳል። ቀለም ይቀይራል፣ ደጋግሞ ያትማል፣ ወረቀት ይጨርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። ፒግመንት ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ብዙም አይሰምጥም፣ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ቀለም ያረፈበት ቦታ የቀለሙን ወዝ ይይዛል፤ ምንም ያላረፈበት ነጭ ቦታ የወረቀቱን ወዝ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ለሁለት ነገር ነው፦ ምስሉ ውስጥ ባዶ ወረቀት እንዳይቀር፣ ጥቁሩ ላይም ቀለም እንዳይበዛ።

ደረጃዎቹን በተራ ሂዱ። በተለይ 3ኛውን ዘላችሁ ወደ 4ኛው አትለፉ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ነው።

መጀመሪያ፦ የያዛችሁ ችግር የትኛው ነው?

የጠረጴዛ መብራት አብሩ። ህትመቱን በዓይናችሁ ትክክል ያዙና ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ከሦስት ነገር አንዱን ታያላችሁ፣ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም።

ነጩ ቦታ ከሌላው ይልቅ የደበዘዘ ወይም የበለጠ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይህ የወዝ ልዩነት ነው። የመመሪያው ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ጥቁሩ ወይም ግራጫው በጎን ሲታይ የነሐስ ወይም የሐምራዊ ጥላ ካወጣ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ በብዛት የሚመጣው ግራጫው ከባለቀለም ኢንኮች ተቀላቅሎ ሲሠራ ወይም ቀለም ሲበዛ ነው። ደረጃ 5 ላይ እንመጣበታለን።

ወረቀቱ በገባበት አቅጣጫ የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ካያችሁ ደግሞ ወረቀቱን የሚስቡት ትንንሽ ጥርስ ያላቸው ጎማዎች ዱካ ነው። ፋይሉን ብታስተካክሉ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። ወፍራም ወረቀት በሚገባበት ቀጥተኛ መንገድ አስገቡ፣ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፕሪንተሩ ፕሮግራም) ላይም የወረቀቱን ውፍረት በትክክል ምረጡ።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ፕሪንተራችሁ ፒግመንት ይሁን ዳይ መጀመሪያ አጣሩ። ዳይ ቀለም የወረቀቱ ሽፋን ውስጥ ስለሚገባ የወዝ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ነው። ለምሳሌ ካኖን ፕሮ-200 ዳይ ነው፣ ካኖን ፕሮ-300 ግን ፒግመንት ነው። ኤፕሰን ሹርከለር ፒ700 እና ፒ900ም ፒግመንት ናቸው።

ቀጥሎ፣ ማሽኑ ቀለም አልባ ማለስለሻ ኢንክ አለው ወይ? የካኖኑ ክሮማ ኦፕቲማይዘር ይባላል፤ ፕሮ-300 እና ፕሮ-1000 ላይ አለ። ኤፕሰን ደግሞ እንደ አር2000 እና ፒ400 ባሉ ማሽኖች ላይ ግሎስ ኦፕቲማይዘር የሚባል ካርትሪጅ አስገብቶ ነበር። ፒ700 እና ፒ900 ግን ይህ የላቸውም። ያላችሁ ሰዎች ሥራችሁ በግማሽ ይቀላል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ማጉያ መነጽር፣ እርሳስ፣ የጥጥ ጓንት፣ ጥቂት ተራ ነጭ ወረቀት እና ለሙከራ የምትሠዉት ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የፎቶ ወረቀት ነው። የሙከራው ወረቀት ከሌላ እሽግ ሳይሆን ከዚያው ከምታትሙበት ይሁን።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ምረጡ

በጣም የሚያብረቀርቅ ግሎሲ ወረቀት ለጥቁርና ነጭ ፒግመንት ህትመት ከባዱ ምርጫ ነው። ገጹ እንደ መስታወት ስለሆነ ትንሿን ልዩነት ሁሉ ያጋልጣል። ላስተር ወይም ሳቲን የሚባለው ገጹ ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ልዩነቱም ይደበቃል። ባሪታ የሚባሉት (ባሪየም ሰልፌት የተቀቡት) ወረቀቶች መሃል ላይ ናቸው። የእኔ ምርጫ እነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም ጥቁሩ ጥልቅ ሆኖ ይወጣል፣ ወዙም የድሮውን የጨለማ ክፍል ህትመት ይመስላል።

ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ይህ ችግር ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ጥቁሩ እንደ ባሪታ አይጠልቅም እንጂ ለአንዳንድ ፎቶ በጣም ያምራል። የገባችሁበት ጣጣ ካሰለቻችሁ ማት ሞክሩ፤ ማት ብላክ የሚባለውን ቀለም መምረጣችሁን ግን አረጋግጡ። ፎቶ ብላክ ማት ወረቀት ላይ ሲታተም የነጣ፣ አቧራ የለበሰ ጥቁር ነው የሚሆነው።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን አዘጋጁ

1. የአፍንጫ ፍተሻ፣ ማለትም ኖዝል ቼክ አትሙ። አንድ መስመር እንኳ ከተቆረጠ አጽዱና እንደገና አትሙ። ግራጫው ወይም ማለስለሻው ከተደፈነ ወዙ በመስመር በመስመር ይለያያል፣ እናንተም ችግሩን ፋይሉ ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።
2. ወረቀቱን ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ከአቧራ ጥረጉ። አዲስ አበባ በበጋ አቧራው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አቧራዋ ላይ ቀለም ካረፈ በኋላ ስትረግፍ ባዶ ነጭ ነጥብ ትታ ነው የምትሄደው።
3. መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ፕሪንተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። መሃል ላይ የቆመ ህትመት ቢቀጥል እንኳ የቆመበት ቦታ ላይ የተለየ ወዝ ያለው መስመር ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 3፦ የሙከራ ቁራጭ አትሙ

ፎቶሾፕ ወይም ሌላ ፕሮግራም ላይ አዲስ ገጽ ክፈቱ። አንድ ረድፍ ላይ ከጥቁር እስከ ነጭ በ5 በመቶ እየጨመረ የሚሄድ 21 ካሬ ሥሩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ ነጩን ብቻ በብርሃን ቁጥሩ (0 ጥቁር፣ 255 ንጹሕ ነጭ ነው) በዝርዝር አስቀምጡ፦ 255፣ 254፣ 252፣ 250፣ 248፣ 246፣ 244። ቁጥሮቹን ከሥራቸው ጻፉ። ካሬዎቹ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ፣ ትንሽ ካሬ ላይ ወዝ አይታይም።

ለዋናው ፎቶ በምትጠቀሙበት ሴቲንግ አትሙት። ከዚያ አድርቁት፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት። እርጥብ ህትመት ላይ የምታዩት ወዝ ሲደርቅ ይቀየራል፣ ስለዚህ ከማሽኑ እንደወጣ አትፍረዱ።

ሲደርቅ ሁለተኛውን ረድፍ በማጉያ እዩ። 255 ላይ ባዶ ወረቀት ታያላችሁ። ከሆነ ቁጥር ጀምሮ ጥቃቅን የግራጫ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ቁጥሩ ከማሽን ማሽን፣ ከወረቀት ወረቀት ይለያያል፤ 254 ላይ ሊጀምር ይችላል፣ 250 እስኪደርስ ባዶ ሆኖ ሊቆይም ይችላል። የጎረቤታችሁን ቁጥር አትውሰዱ። አሁን ቁራጩን አዘንብሉና ወዙ ከአጠገቡ ካለው ግራጫ ጋር መጀመሪያ የተስማማበትን ካሬ ፈልጉ። እሱን ቁጥር በእርሳስ ክበቡት፣ የእናንተ ነጭ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ረድፍም አትርሱ። ጨለማው ጫፍ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ካሬዎች ድንገት ወዛቸው ከተቀየረ ቀለም በዝቷል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ፋይሉ ላይ ነጩን ዝቅ አድርጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

1. እርማታችሁን ሁሉ ጨርሱ። ብርሃን፣ ንፅፅር፣ ሻርፕ ማድረግ፣ መጠን መቀየር፣ ሁሉም ይለቅ።
2. ከሁሉም በላይ የሌቭልስ (የጥቁሩንና የነጩን ልክ የሚያስተካክል) ሌየር ጨምሩ።
3. ከታች አውትፑት የሚለውን እዩ። በቀኝ በኩል 255 ይላል። የከበባችሁትን ቁጥር እዚያ ጻፉ። ብዙውን ጊዜ ከ248 እስከ 252 ባለው ውስጥ ይወድቃል።
4. ጨለማው ጫፍ ላይ ወዙ ተቀይሮ ከነበረ በግራ ያለውን 0 ወደ 4 ወይም 5 ከፍ አድርጉ። ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ ጥቁሩ ይነጣል።
5. ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡ። ይህ የህትመት ፋይል ነው፤ ለስልክ ወይም ለቴሌግራም የምትልኩት የድሮው ይሁን።

ላይኛውን የሌቭልስ እጀታ አትንኩ። እሱን ወደ ውስጥ ከሳባችሁት ነጩን ይብስ ታበዙታላችሁ። ይህን በየጊዜው አያለሁ፦ ሰዎች «ሠርቼዋለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም» ይሉኛል፣ ፋይሉን ስከፍተው የጎተቱት የላዩን ነው።

ስክሪን ላይ ነጩ ትንሽ የቆሸሸ ይመስላችኋል። አትደንግጡ። ዓይናችሁ ዙሪያውን ካለው ንጹሕ ነጭ ጋር እያወዳደረው ነው። ወረቀት ላይ 250 ነጭ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው አይለየውም።

ለድሮ ፎቶ አንድ ነገር ልጨምር። ስካን ያደረጋችሁት ፎቶ ላይ ያለውን የፊልም ቅንጣት ሙልጭ አድርጋችሁ አታጥፉ። ጭረትና እድፍ ማስወገድ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ሰው ያጸዳሁ መስሎት ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ ሰማዩን ባዶ ነጭ ያደርገዋል። የነጠላው እጥፋት ውስጥ ያለችው ቀጭን ግራጫ ናት ሰውየውን ሕይወት የምትሰጠው፣ ወዙንም የምታስተካክለው እሷው ናት። ቅንጣቱ ጠፍቶ ከደረሳችሁ ትንሽ ኖይዝ ብሩህ ቦታዎቹ ላይ ጨምሩ፤ የተበታተኑ ነጥቦች ባዶውን ይሸፍኑታል።

ዙሪያው ያለው የወረቀቱ ነጭ ጠርዝ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ፓስፓርቱ (ፍሬም ውስጥ ፎቶውን ዙሪያውን የሚከብበው ካርቶን) የሚሸፍነው ከሆነ ችግር የለውም። ካልሆነ ጠርዙን ቁረጡት።

ደረጃ 5፦ ድራይቨሩን አስተካክሉ

የወረቀቱን ዓይነት በትክክል ምረጡ። ማሽኑ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭ የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው። የወረቀቱ አምራች የትኛውን ምረጡ እንዳለ አንብቡ፣ በግምት አትሂዱ።

ኤፕሰን ላይ አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት ፎቶ የሚለውን ምረጡ። ይህ ምርጫ ሥራውን በዋናነት ለጥቁርና ለግራጫ ኢንኮች ይሰጣል፣ ባለቀለሞቹን በጥቂቱ ነው የሚነካው። የነሐስ ጥላ ያስቸገራችሁ ሰዎች ግማሹ ችግራችሁ እዚህ ያልቃል። እዚያው ውስጥ ሃይላይት ፖይንት ሺፍት የሚል ምርጫ ካያችሁ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ነጩ ላይ ትንሽ ቀለም ያሳርፋል። ግን ከሁለት አንዱን ምረጡ። ፋይሉ ላይም ዝቅ አድርጋችሁ እሱንም ካበራችሁት ነጩ በእርግጥም ይቆሽሻል። እኔ የፋይሉን መንገድ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ራሴ ነኝ የምወስነው።

ፒ700 ወይም ፒ900 ላይ ካርቦን ብላክ የሚባለውን የጥራት ምርጫ ሞክሩ። ጨለማው ላይ ቀጭን ግራጫ ኢንክ ይደርባል፣ ጥቁሩም ይጠልቃል።

ካኖን ላይ ብላክ ኤንድ ዋይት ፎቶ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ከዚያ የማለስለሻውን ሴቲንግ ፈልጉና አውቶ ከሚለው ሙሉ ምስሉን ወደሚሸፍነው ቀይሩት። ኢንኩ ቶሎ ያልቃል፣ ይህን አልደብቃችሁም፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል። ማለስለሻው ማት ወረቀት ላይ አይሠራም፣ ስለዚህ ምርጫው ካልታያችሁ የመረጣችሁትን የወረቀት ዓይነት ተመልከቱ።

በመጨረሻም ሃይ ስፒድ የሚለውን አጥፉ፣ ጥራቱን ከፍ አድርጉ። ጨለማው ላይ አሁንም ቀለም ከበዛ የቀለም መጠን የሚቀንሰውን ሴቲንግ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዝቅ አድርጉና ሌላ የሙከራ ቁራጭ አትሙ።

ደረጃ 6፦ አትሙ፣ ከዚያ ተዉት

ህትመቱ ሲወጣ ከጠርዙ ያዙት፣ ንጹሕ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አንዱን በአንዱ ላይ አትደራርቡ። ለዘመድ የአርባ ቀን መታሰቢያ ስምንት ፎቶ አትሜ ለሊቱን ደራርቤ አስቀመጥኳቸው፣ ጠዋት ላይ ስድስቱ የላይኛቸው ጀርባ ቅርጽ ወጥቶባቸው አገኘኋቸው። ጊዜ ስላልነበረኝ እንደዚያው ነው የሰጠሁት፣ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ላዩ ላይ ተራ ነጭ ወረቀት አልብሱትና 24 ሰዓት አቆዩት። ወረቀቱ ከቀለሙ የሚወጣውን እርጥበት ይመጥጣል። ከሥራቸው የፕላስቲክ ሽፋን ላላቸው ወረቀቶች ይህ በተለይ ያስፈልጋል፣ እርጥበቱ በጀርባ መውጫ የለውም። ክረምት ላይ ሁለት ቀን ስጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ሲደርቅ እንደገና መብራት ሥር አዘንብሉት። ጥሩ ከሆነና ፍሬም ውስጥ መስታወት የሚገባለት ከሆነ እዚህ አቁሙ። ከመስታወት ኋላ የቀረችው ትንሽ ልዩነት አትታይም። ህትመቱ መስታወቱን እንዳይነካ ግን ፓስፓርቱ አድርጉበት፣ ከነካ በጊዜ ብዛት ይጣበቃል።

ደረጃ 7፦ ቫርኒሽ መርጨት (ለሚያስፈልገው ብቻ)

ያለ መስታወት የሚሰቀል፣ በእጅ የሚዞር ወይም አልበም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ለኢንክጄት ህትመት የተሠራ የሚረጭ መከላከያ ተጠቀሙ። ሃነሙለ ለምሳሌ ይህን ይሠራል። የመኪና ክሊር ወይም የፀጉር ስፕሬይ አትርጩ። ለፎቶ የተሠሩ አይደሉም፣ ቢጫ ሊሆኑ ወይም ሊያጣብቁ ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጭሱ ይጎዳል፣ በእሳትም ይያያዛል። ከሰል፣ ሻማ፣ ቡቴጋዝ፣ ሲጋራ ባለበት አካባቢ ፈጽሞ አትርጩ። ቤት ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ጠብቁ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ አይሆንም፤ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ አድርጉ። ልጆችን አርቁ።

1. ዝናብ የሌለበት፣ ነፋስ የማይነፍስበት ሰዓት ምረጡ። አየሩ እርጥብ ከሆነ ሽፋኑ ነጭ ጉም ይይዛል።
2. መጀመሪያ የተበላሸ ህትመት ላይ ተለማመዱ።
3. ጣሳውን በላዩ ላይ እንደተጻፈው በደንብ ነቅንቁ።
4. ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከህትመቱ ውጪ መርጨት ጀምሩ፣ ተሻግራችሁ ከህትመቱ ውጪ አቁሙ። ምስሉ ላይ መጀመርም ማቆምም የለም፤ ጠብታ የሚወድቀው በዚያ ቅጽበት ነው።
5. እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርብ።
6. ቀጭን ይሁን። መጀመሪያ ላይ ምንም ያልረጫችሁ ይመስላችኋል፣ ልክ ነው።
7. ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቁ፣ ህትመቱን ሩብ ዙር አዙሩና ድገሙት። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል።

አንድ ደረጃ ላይ ከተበላሸባችሁ

*ነጩን ዝቅ አድርጌያለሁ፣ ልዩነቱ ግን አለ።* ነጩን በማጉያ እዩ። ነጥብ ከሌለ ማሽኑ አሁንም ቀለም እያሳረፈ አይደለም፤ በ2 ቁጥር ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ነጥብ ካለና ልዩነቱ ካልጠፋ ወረቀቱ ከቀለሙ ጋር አይስማማም፤ ወደ ላስተር ወይም ባሪታ ቀይሩ።

*ፊት ላይ ብቻ ነው የሚታየው።* ግንባርና ጉንጭ ላይ ብልጭታ ካለ እዚያ ትንሽ ቦታ ነጩ ተቃጥሏል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ሆኗል። ሌቭልሱ ይነካዋል፣ ግን አንድ ወጥ ግራጫ ያደርገዋል። ከስካኑ እንደገና ጀምሩ፣ ስካነሩ ላይ ብርሃኑን ቀንሱ።

*ከ244 በታች ካልወረድኩ አይስተካከልም።* አትውረዱ። ፎቶው ይሞታል። ማለስለሻ ካላችሁ ተጠቀሙ፣ ከሌላችሁ ደረጃ 7 ነው መንገዱ።

*ስረጭ ነጭ ጉም ወጣበት።* እርጥበት ነው። ደረቅ ቀን ጠብቁና አንድ ቀጭን ዙር ድገሙ፤ አንዳንዴ ያጸዳዋል። ካላጸዳ እንደገና ማተም ነው።

*ጠብታ ወደቀበት።* አትንኩት፣ አትጥረጉት፤ እርጥብ ሳለ ከነካችሁት ቀለሙም አብሮ ይነሳል። ጠብታው ጠርዝ አካባቢ ከሆነ ሲደርቅ በፓስፓርቱ ሸፍኑት።

*ባለፈው የተስተካከለው ዘንድሮ አልሠራም።* አዲስ የወረቀት እሽግ፣ ሌላ ካርትሪጅ ወይም የተሻሻለ ድራይቨር ገብቶ ይሆናል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ለዚህ ነው የሙከራ ቁራጩን የማልጥለው። ጠርዙ ላይ የወረቀቱን ስም፣ የመረጥኩትን ቁጥር፣ የድራይቨሩን ሴቲንግ እና ቀኑን በእርሳስ ጽፌ ከወረቀቱ እሽግ ጋር አስቀምጠዋለሁ።